በከብት በረት የተከፈተ ትምህርት ቤት፦ የቅድስት ማርግሪት ቡርዥዋ ሕይወት

ሕፃናትን ፊደል ስላስቈጠሩ ቅዱሳን ሲነሣ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምናስታውሰው ቅዱስ ዮሐንስ ዴላሳልንና ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮን ነው። በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ግን ከሁለቱም ቀደም ብላ፣ ደመወዝ ሳትጠይቅ ሀገርዋን ትታ ውቅያኖስ በመሻገር፣ ዛሬ የካናዳ ታላቅ ከተማ በሆነችው በሞንትሪያል የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የከፈተችውን የቅድስት ማርግሪት ቡርዥዋን ሕይወት ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ማርግሪት በፈረንሳይ ሀገር፣ በሻምፓኝ አውራጃ፣ ትሯ በምትባል ከተማ ኤፕሪል 17 ቀን 1620 ዓ.ም. ተወለደች፤ ዕለቱም ዓርብ ስቅለት ነበር። አባትዋ ሻማ እየሠራ የሚሸጥ ባለ ብዙ ልጆች ሰው ሲሆን፣ እናትዋ የሞተችው እርስዋ ገና ወጣት ሳለች ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 1640 በመቍጠሪያ በዓል ዑደት ላይ ሳለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በላይ የቆመውን የእመቤታችንን ሐውልት ቀና ብላ ባየች ጊዜ ልብዋ ተነካ። ከዚያች ቀን ጀምሮም ራስዋን ለእግዚአብሔር ልትሰጥ ቈረጠች። የቀርሜሎስ ደናግል ግን በጠየቀቻቸው ጊዜ አልተቀበሏትም።

በከተማው ሴቶች ልጆችን የሚያስተምር የኖትርዳም ማኅበር ገዳም ነበር። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሕግ ደናግሉ ከቅጥራቸው እንዳይወጡ ያዝዝ ስለ ነበር፣ ወደ ገዳሙ መድረስ የማይችለው የድኻ ልጅ ፊደል ሳይቈጥር ይቀር ነበር። ስለዚህ እመምኔትዋ በዓለም የሚኖሩ ሴቶችን ሰብስባ ከቅጥሩ ውጭ ድኾችን እንዲያስተምሩ ታሰማራ ነበር፤ ማርግሪትም ከእነርሱ አንዲቱ ሆነች። የኋላ ሥራዋ ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው ብንል አንሳሳትም።

እመምኔትዋ በ1642 በካናዳ የተቈረቈረችው የቪል ማሪ፣ ማለት የኋላዋ ሞንትሪያል፣ ገዥ የሆነው የፖል ደ ሜዞኖቭ እኅት ነበረች። ገዥው በ1652 ወደ ፈረንሳይ መጥቶ ሰው ሲመለምል፣ ደናግሉ እንዲወስዳቸው ለመኑት። እርሱ ግን የተዘጋ ገዳም ለመትከል የሚበቃ ነገር አልነበረውም፤ የሚፈልገው ያለ ዋጋ የምታስተምር አንዲት መምህርት ነበር። ማርግሪት በሠላሳ ሦስት ዓመትዋ እሺ አለች።

በጁን 1653 ከሳን ናዜር ወደብ የተነሣችው መርከብ ውኃ እያስገባች ስላስቸገረች ወደ ኋላ ተመለሰች፤ እንደገና የተጓዙት በጁላይ ነው። ከመቶ በላይ በሚሆኑ ተመልማዮች መካከል በሽታ ገብቶ ስምንቱ ሞቱ። ማርግሪት በሽተኞቹን እያስታመመች፣ የሚሞቱትንም እያጽናናች ሴፕቴምበር 22 ቀን ኩቤክ ደረሰች፤ ከዚያም በወንዙ ሽቅብ ወደ ቪል ማሪ ተጓዘች።

ይህን ሁሉ መከራ አልፋ ስትደርስ ግን የምታስተምረው ልጅ አልነበረም። ሰፋሪዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ ከኢሮኳ ነገዶች ጋር የነበረው ጦርነት አላባራም፤ የሚወለዱትም ሕፃናት በብርዱና በችግሩ ምክንያት ሳያድጉ ይሞቱ ነበር። ሌላው ሰው በዚህ ጊዜ ተመልሶ መርከብ ቢሳፈር ማንም አይፈርድበትም። እርስዋ ግን ከአራት ዓመት በላይ ጠበቀች። የገዥውን ቤት አስተዳደረች፤ ለወታደሮች ልብስ ሰፋች፤ በሽተኛ ጠየቀች፤ ወጣት እናቶችን አገዘች፤ ሕዝቡን አስተባብራ ለእመቤታችን ረድኤት ጸሎት ቤት ድንጋይ ማሰባሰብ ጀመረች። እኛ ስለ እርስዋ ከተጻፈው ሁሉ ይህን የመጠበቅ ዘመን እናስበልጣለን። ሕፃናቱ ለትምህርት ሲደርሱ የሚያውቋትና የሚያምኗት እናቶች ነበሩና።

በ1658 መጀመሪያ ገዥው አንድ የድንጋይ በረት ሰጣት። ርዝመቱ ወደ 11 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 5 ሜትር ተኩል ነበር፤ ከብትና ርግብ ያደሩበት ቤት ነው። ጠርጋ አጸዳችው፤ ምድጃ አሠራችለት። መኝታዋ በውጭ መሰላል የሚወጣበት ቆጥ ሆነ። ኤፕሪል 30 ቀን ትምህርት ተጀመረ። ተማሪዎቹ በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ ወንዱም ሴቱም አብረው ተቀመጡ፤ ከእነርሱም አራት ዓመት ተኩል የሞላቸው ነበሩ። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ቍጥርና ጸሎት ተማሩ፤ ለሴቶቹ ደግሞ የመርፌ ሥራ ተጨመረላቸው።

በዚያው ዓመት ወደ ፈረንሳይ ተሻግራ በማግሥቱ ዓመት አራት ጓደኞች ይዛ ተመለሰች። እንጀራና ሾርባ ከማግኘት በቀር ሌላ ተስፋ አልሰጠቻቸውም። ቀን ያስተምራሉ፣ ማታ ለሰፋሪዎች ይሰፋሉ፤ ከወላጆች የትምህርት ዋጋ ላለመቀበል መተዳደሪያቸው የእጃቸው ሥራ ነበር። ከጊዜ በኋላም በሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳርና ዳር ወደሚገኙት መንደሮች በእግርና በታንኳ እየሄዱ ትናንሽ ትምህርት ቤቶችን ከፈቱ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1671 ለማኅበሩ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጠ።

ከብርዱም ከድኽነቱም ይልቅ ያስቸገራት ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመጣው ጥያቄ ነው። በዲሴምበር 1683 ቤታቸው ተቃጥሎ ሁለት እኅቶች በእሳት ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዲቱ የእኅትዋ ልጅ ነበረች። ጳጳሱ ይህን አይተው ማኅበሩ ከኡርሱላውያት ጋር እንዲቀላቀል አሳብ አቀረቡ፤ ተተኪያቸውም ደናግሉ በቅጥር እንዲዘጉ ፈለጉ። ጳጳሳቱ ክፉ አስበው አልነበረም፤ የዘመኑ ልማድ ነው። ነገር ግን ቅጥር ከተሠራ በየመንደሩ ያለው ልጅ ማን ያስተምረዋል? ጥሎሽ ማምጣት የማትችል ድኻ ልጃገረድስ እንዴት ትገባለች? ማርግሪት በትሕትና፣ ግን ሳታመነታ፣ እመቤታችን ኤልሳቤጥን ልትጐበኝ በተራራ መንገድ መሄድዋን ምሳሌ አድርጋ ተከራከረች። ያለ ቅጥር የሚኖሩበት ደንብ የጸደቀው በ1698፣ በሰባ ስምንት ዓመትዋ ነው።

እኅቶች በተራራው ግርጌ በቅርፊት ጎጆ እየኖሩ የአገሬውን ነገድ ልጃገረዶችም አስተምረዋል፤ ከእነዚህም ሁለቱ ራሳቸው የማኅበሩ እኅቶችና መምህራን ሆኑ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለፍ አይገባንም። የዚያን ጊዜ መንግሥት የአገሬውን ልጆች ፈረንሳውያን ለማድረግ ይሻ ነበር፤ በኋላ ዘመን በዚሁ መንፈስ የተቋቋሙት የካናዳ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያደረሱት ጉዳት ከባድ በመሆኑ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በጁላይ 2022 ወደዚያው ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። በቅርፊት ጎጆ አብሮ ማደርና ልጅን ከእናቱ ነጥቆ መውሰድ አንድ እንዳልሆኑ ግን አንባቢ ይለያል።

ኩቤክ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም፤ በ1945 ከዚያ የመጡ ኢየሱሳውያን አባቶች በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ብዙ ወጣቶችን አስተምረዋል።

በ1699 የመጨረሻ ሌሊት አንዲት ወጣት እኅት ልትሞት ስታጣጥር፣ አሮጊትዋ ማርግሪት በእርስዋ ፈንታ እንድትወሰድ እግዚአብሔርን ለመነች። ወጣትዋ ዳነች፤ ማርግሪት ታመመችና ጃንዋሪ 12 ቀን 1700 ዐረፈች። ሥጋዋን የሞንትሪያል ደብር ወሰደ፤ ልብዋ ለልጆችዋ ቀረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በኦክቶበር 31 ቀን 1982 ቅድስናዋን አወጁ። ዐፅምዋም በ2005፣ ድንጋዩን ሰብስባ ወደ ጀመረችው የእመቤታችን ረድኤት ጸሎት ቤት ተዛወረ።