የኢም መንደር ቄስ የዊልያም ሞምፔሶን ታሪክ

በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ስለ እንግሊዝ አገር መንደሮች የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሳገላብጥ፥ ከነገሥታትና ከጦር አለቆች ታሪክ ይልቅ የአንድ የገጠር ቄስ ታሪክ ልቤን ነካው። ስለዚህ ያነበብሁትን አሳጥሬ ለጓደኞቼ ለማካፈል አሰብሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኢም በደርቢሻየር ግዛት በኮረብቶች መካከል ያለች ትንሽ መንደር ናት። በዚያ ዘመን ሕዝቧ በእርሻና የእርሳስ ማዕድን በመቈፈር ይኖር ነበር። ቄስ ዊልያም ሞምፔሶን በካምብሪጅ ተምረው፥ ባለቤታቸውን ካትሪንንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው በ1664 ወደዚህች መንደር ሲመጡ ዕድሜያቸው ሠላሳ አልሞላም ነበር። ሕዝቡ ግን በሙሉ ልብ አልተቀበላቸውም። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ቄስ ቶማስ ስታንሊ፥ በሕግ የታዘዘውን የጸሎት መጽሐፍ አልቀበልም ብለው ከሹመታቸው ወርደው ነበርና፥ የብዙ ሰው ልብ ገና ከእርሳቸው ጋር ነበረ።

በ1665 በጋ ማብቂያ፥ ቸነፈር ከገባባት ከሎንዶን ከተማ ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ተላከለት። የልብስ ሰፊው ረዳት ጆርጅ ቪካርስ እርጥቡን ጨርቅ እሳት ዳር ዘርግቶ ሲያደርቅ በውስጡ የነበሩት ቁንጫዎች እንደ ወጡ ይነገራል። ቪካርስ በመስከረም መጀመሪያ ሞተ፤ ጎረቤቶቹም ተከተሉት። የቸነፈር ጀርም የታወቀው በ1894 ስለ ሆነ፥ ያን ጊዜ ቁንጫን የጠረጠረ አልነበረም።

በሽታው በክረምቱ ብርድ ጋብ ብሎ በ1666 ሰኔ ወር በረታ። ሰዎችም ለመሸሽ ተነሡ። ሞምፔሶን ግን የሚሸሽ ሰው ሞትን ወደ ጎረቤት መንደር ይዞ እንደሚሄድ ተረዱ። ብቻቸውን ቢናገሩ የሚሰማቸው እንደሌለ ስላወቁ፥ ኩራታቸውን ትተው ከስታንሊ ጋር ተማከሩ። ሁለቱም ቄሶች ልዩነታቸውን ወደ ጎን አድርገው በአንድነት ሕዝቡን ለመኑ። ሦስት ነገርም ተወሰነ፤ ይኸውም ከመንደሩ ማንም እንዳይወጣ፥ ጸሎት በቤተ ክርስቲያን መሆኑ ቀርቶ ከደጅ በሸለቆ ውስጥ እንዲደረግ፥ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱን ሙት ራሱ እንዲቀብር ነው። የዴቨንሺር ኧርል ምግብ ላኩ። ሌሎችም እህሉን በወሰኑ ድንጋይ ላይ አኑረው ሲሄዱ፥ የመንደሩ ሰዎች ገንዘቡን በኮምጣጤ ውስጥ ነክረው ይተዉላቸው ነበር።

ሞምፔሶን መንደሩ ከመዘጋቱ በፊት ልጆቻቸውን ወደ ውጭ መላካቸውን ሳነብ ቅር አለኝ። የድሀው ልጅስ ወዴት ይሂድ? ብዬ አሰብሁ። ነገር ግን ካትሪን ከልጆቻቸው ጋር መሄድ ሲችሉ ከባላቸው አልለይም ብለው ቀሩ፤ በሽተኞችንም ሲጐበኙ ኖረው በነሐሴ 1666 በቸነፈሩ ሞቱ። በዚያው ወር ኤሊዛቤት ሀንኮክ የምትባል ሴት ባሏንና ስድስት ልጆቿን በስምንት ቀን ውስጥ በገዛ እጇ ቀበረች። መቃብራቸው ዛሬም በድንጋይ አጥር ተከቦ ይታያል።

በኅዳር ወር ቸነፈሩ ሲያበቃ ወደ 260 የሚሆን ሰው ሞቶ ነበር። ሞምፔሶን በ1669 ኢክሪንግ ወደሚባል ደብር ሲዛወሩ፥ ሕዝቡ በሽታ ያመጡብናል ብሎ ስለ ፈራ በመጀመሪያ ከመንደሩ ርቀው በዱር ጎጆ ውስጥ እንደ ተቀመጡ ይነገራል። ጎረቤትን ያዳነ ሰው በጎረቤት መፈራቱ እጅግ ያሳዝናል። በ1709 በዚያው ደብር ሳሉ ዐረፉ። የኢም ሰዎች ግን በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ እሑድ በዚያው ሸለቆ ተሰብስበው ሙታናቸውን ያስባሉ።

ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት የተዘጋ ጊዜ እኔ ሕፃን ነበርሁ። እናቴ ወደ ጎረቤት አያቴ ቤት እንዳልሄድ ብትከለክለኝ በስውር ወጥቼ ሄድሁ፤ በጎ ነገር ያደረግሁም መስሎኝ ነበር። አያቴን እግዚአብሔር ጠበቃቸው። የኢምን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን፥ ሰውን መውደድ አንዳንድ ጊዜ ከደጁ መራቅ እንደ ሆነ ተረዳሁ።