የልምሻ ጠብታ አባት ፕሮፌሰር አልበርት ሳቢን

በሐዴራ በነቬ ሐይም ሰፈር የምትኖሩም ሆነ በሌላ ከተማ ያላችሁ፣ በጢፓት ሐላብ ለልጆቻችሁ ስለሚሰጠው የልምሻ ክትባት ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በሽታው በሕክምና ስሙ ፖሊዮ፣ በዕብራይስጥ ደግሞ ሺቱክ የላዲም ይባላል። በአፍ የሚሰጠውን የልምሻ ጠብታ የሠሩት ፕሮፌሰር አልበርት ሳቢን ናቸው። ልምሻን ሲታገሉ የኖሩት እኒህ ሊቅ በእርጅናቸው የራሳቸው ሰውነት አልታዘዝ አላቸው። የያዛቸው ግን ልምሻ አልነበረም። ታሪካቸውን የምንነግራችሁ በዚህም ምክንያት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳቢን በ1906 በቢያሊስቶክ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ከተማዋ ያን ጊዜ በሩሲያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ትገኛለች። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም አብራም ሳፐርስታይን ነበር። ቤተሰቡ በአይሁድነቱ የሚደርስበትን ጥላቻ ሸሽቶ በ1921 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ልጁም፣ ዛሬ ልጆቻችሁ ዕብራይስጥ እየተማሩ ትምህርት ቤት እንደሚገቡ ሁሉ፣ እንግሊዝኛ እየተማሩ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። መጀመሪያ የጥርስ ሕክምና ጀምረው ተዉት፤ በ1931 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ የልምሻ ወረርሽኝ ገባ፤ ሳቢንም ምርምራቸውን በዚህ በሽታ ላይ ጀመሩ።

በዚያን ዘመን ብዙ ሐኪሞች የልምሻ ቫይረስ በአፍንጫ ገብቶ በቀጥታ ወደ አንጎል ይሄዳል ብለው ያምኑ ነበር። ሳቢን በ1941 በበሽታው የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምሩ ቫይረሱን በአንጀት ውስጥ አገኙት። በአፍ የሚገባ ከሆነ በአፍ በሚሰጥ ክትባት ሊመከት ይችላል ማለት ነው። በ1955 የዶክተር ጆናስ ሳልክ መርፌ ወጣ፤ የተሠራውም ከሞተ ቫይረስ ነበር። ሳቢን ግን ቫይረሱን ሳይገድሉ አደከሙትና ጠብታ አደረጉት። በ1959 በሶቪየት ኅብረት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ጠብታውን ወሰዱ፤ ከዚያም በዓለም ተዳረሰ። ከ1970 እስከ 1972 ሳቢን በረሆቮት የሚገኘው የዌይዝማን ተቋም ፕሬዚዳንት ሆነው በእስራኤል ሠርተዋል።

የሳቢን ጠብታ ለሐዴራም ደርሶላታል። በ1988 በእስራኤል 15 ሰዎች በልምሻ ሽባ ሆኑ፤ የወረርሽኙም ማእከል የሐዴራ አካባቢ ነበር። በዚህ ወረዳ ከ1982 ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጠው መርፌው ብቻ ነበር። መርፌው የተከተበውን ልጅ ነርቭ በደንብ ይጠብቃል፤ ቫይረሱ በአንጀት እንዳይራባ የማድረግ ኃይሉ ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ልጅ ቫይረሱን ተሸክሞ ወደ ሌላ ሰው ሊያስተላልፈው ይችላል። ያን ጊዜ እስከ 40 ዓመት ላለው ሕዝብ ሁሉ ጠብታው ተሰጠ፤ ወረርሽኙም ቆመ። ከ1990 ጀምሮ ሕፃናት ሁለቱንም እንዲወስዱ ተደረገ። በ2005 ጠብታው ቀርቶ ነበር፤ በ2013 ቫይረሱ በፍሳሽ ውኃ ውስጥ ስለተገኘ ተመለሰ።

ለመሆኑ ልምሻ እግርን የሚያስረው እንዴት ነው? እግራችሁን ለማንሳት ስትፈልጉ ትእዛዙ በሁለት መልእክተኞች ይሄዳል። አንደኛው ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ ውስጥ ይወርዳል። ሁለተኛው ከአከርካሪው ተቀብሎ ለእግር ጡንቻ ያደርሳል። ልምሻ የሚገድለው ሁለተኛውን ነው። ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻ ይልፈሰፈሳል፣ እየቀጠነም ይሄዳል።

በአገር ቤት ደግሞ ጓያ አለ። በደንቢያና በፎገራ የነበራችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው እህል ሲደርቅ ጓያ ይበቅላል። በችግር ዘመን ለወራት ጓያ ሲመገብ የቆየ ሰው እግሩ ይያዛል። የጓያ መርዝ የሚጎዳው አንደኛውን መልእክተኛ ነው። ስለዚህ እግሩ አይልፈሰፈስም፤ ይገተራል፣ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ በምርኩዝ ይሄዳል። የሚያይ ሰው ሁለቱንም ሽባ ይላቸዋል፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። የልምሻ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ጓያ የሰበረው ሰው ግን ለማንም አያስተላልፍም። ልምሻን ክትባት ይከላከለዋል፤ ለጓያ ግን ክትባት የለውም።

ሦስተኛውን መንገድ ሳቢን በራሳቸው ገላ አዩት። በ1983 በአንገታቸው አከርካሪ ላይ ካልሲየም ተጋግሮ ሽባነትና ብርቱ ሥቃይ አመጣባቸው። እዚህ ላይ ቫይረስም መርዝም የለም፤ የጠበበው መልእክተኛው የሚያልፍበት መንገድ ነው። የጠበበ መንገድ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በቀዶ ጥገና ሊሰፋ ይችላል፤ ሳቢንም በቀዶ ጥገና ታክመዋል። በማርች 3 ቀን 1993 በዋሽንግተን በ86 ዓመታቸው አረፉ።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፤ በቤታችሁ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ካለ ለኩፓት ሖሊም ሐኪም ሽባ ነው ብላችሁ ብቻ አትተዉት። በሕፃንነቱ በትኩሳት ጀመረው ወይስ በችግር ዘመን? እግሩ ይልፈሰፈሳል ወይስ ይገተራል? አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመዋል? ይህን ሁሉ ንገሩት። የእስራኤል ሐኪም ጓያን ላያውቀው ስለሚችል ምን እንደሆነ አስረዱት። አንዳንዱ ጉዳት አይመለስም፤ አንዳንዱ ግን በጊዜው ከተደረሰበት ይታከማል። ድካሙ ድንገት የመጣ እንደሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሚዩን ሂዱ። የሕፃናቱንም የክትባት ደብተር አውጥታችሁ የቀረ ክትባት እንዳለ ነርሷን ጠይቁ። ከሦስቱ መንገዶች አስቀድሞ በክትባት የሚዘጋው ልምሻ ነው፤ እሱን መዝጋት ደግሞ በእጃችሁ ነው።