እንዶድን ለዓለም ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ

መርካቶ ሸማ ተራ ጋቢ ወይም ነጠላ በገዛሁ ቁጥር ጥለቱ እንዳይለቅ በምን ይታጠብ ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነው። ወጣቶቹ ነጋዴዎች የሳሙና ስም ይጠሩልኛል፤ በዕድሜ የገፉት ግን እንዶድን ሳያነሡ አያልፉም። እንዶድ ሲባል ደግሞ እኔ ትዝ የሚሉኝ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1966 የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የሰውየውን ሥራ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ጅግጅጋ ተወለዱ። በ1964 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ በዚያው ዓመት ብልሃርዚያን ሊያጠኑ ዓድዋ ሄዱ። እዚያ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእጥበቱ ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል፤ ከላይ ያሉት ደህና ናቸው። አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ለቅመው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርባቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ብልሃርዚያ በመሠረቱ የፍሳሽ በሽታ ነው። የታመመ ሰው ሰገራ ውኃ ውስጥ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል፤ የሚወጣው እጭ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ የሚነድፉ መሐንዲሶች ፍሳሹ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት አስቀድመው የሚያሰሉት እንዲህ ላለው ነገር ጭምር ነው፤ በቂ ቀን ከቆየ እንቁላሉ ይዘቅጣል፣ እጩም ያልቃል። (ኩሬው ራሱ ቀንድ አውጣ ካፈራ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።) በዚያን ዘመን ዓድዋ ላይ እንዲህ ያለ ኩሬ ማን ይሥራ? አክሊሉ ሰንሰለቱን ቀንድ አውጣው ላይ መበጠስን መረጡ።

ስሌቱ ግን ቀላል አይደለም። ብርጭቆ ውስጥ የተጨመረው መድኃኒት እዚያው ይቆያል። ኩሬ ላይ በሰፊው ውኃ ይሳሳል፣ ባክቴሪያም ይበላዋል። ወንዝ ላይ ደግሞ ፍሰቱ ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ ምን ያህል ዱቄት፣ ለስንት ሰዓት የሚለው ወንዙን ሳይለኩ አይታወቅም። የእንዶድ መርዝ በቀናት ውስጥ መበስበሱ በጎ ጎኑ ነው፤ ዓሣን ግን አይምርም። ዓድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። በትንንሽ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ።

ይህ ሁሉ ውጤት ተይዞ የውጭዎቹ ተቋማት አላመኑም። በምዕራባውያን ላቦራቶሪ መስፈርት የመርዛማነት ምርመራ ይደረግ አሉ። እውነቱን ለመናገር ሰው በሚጠጣው ውኃ ላይ ለሚፈስ ነገር ማረጋገጫ መጠየቅ ስሕተት አይደለም። እኔን የሚያበሳጨኝ ምርመራውን የጠየቁት ወጪውን ለመሸፈን ለዓመታት አለመፍቀዳቸው ነው። በመጨረሻ የካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ረዳ። እስከዚያ ግን ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ገበያውን ይዞ ነበር፤ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው እሱ ነው። ኪኒኑን የዋጠ ልጅ ግን ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተቀበሉ። ለገሰ ከብዙ የእንዶድ ዝርያዎች መካከል ቀንድ አውጣን በመግደል ብርቱ የሆነውን 44ኛውን ለይተው ያወጡ ናቸው። ሽልማቱ በተሰጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዶድ ሌላ ባለጉዳይ አገኘ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ ፍጥረት ተራብቶ ነበር፤ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ እንደሚገድለው አረጋገጡና በ1993 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠ። አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። ለዘመናት በእንዶድ ሲያጥብ የኖረው ሕዝብ ድርሻስ? ክርክሩ ሳይቋጭ አክሊሉ በኤፕሪል 1997 አረፉ።