ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም ያለችው ሜሪ ሪችመንድ

የእኛ ሙያ አንዱ ችግር ማንም የሚችለው መምሰሉ ነው። የተጣላ ማስታረቅ፣ ያዘነ ማጽናናት፣ የተቸገረ መርዳት ማንን ያቅተዋል? እናቶቻችን ያለ ዲግሪ ሲያደርጉት ኖረዋል። ሶሻል ወርከር መሆኔን ስነግራቸው፣ ታዲያ እሱም ትምህርት ያስፈልገዋል እንዴ ብለው የሚገረሙ ሰዎች ዛሬም ያጋጥሙኛል። በቅንነት ነው የሚጠይቁት፤ አልቀየማቸውም። እስቲ ዛሬ ይህንን ጥያቄ ለመመለስ ዕድሜዋን ስለፈጀች አንዲት አሜሪካዊት ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ ሪችመንድ በ1861 ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ቤልቪል በምትባል ከተማ ተወለደች። እናቷን ገና በሦስት ዓመቷ ሳንባ ነቀርሳ ነጠቃት። ያሳደጓት ባልቲሞር የነበሩት አያቷና አክስቶቿ ናቸው። አያቷ ቤት እያከራዩ የሚተዳደሩ፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚከራከሩ ጠንካራ ሴት ነበሩ። የዘመኑን ትምህርት ቤት ስለማያምኑት ልጅቷ እስከ 11 ዓመቷ ቤት ውስጥ ነው የተማረችው። ያገኘችውን መጽሐፍ ሁሉ ታነብ ነበር። በ16 ዓመቷ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች፤ ከዚያ በኋላ ኮሌጅ የሚባል አልገባችም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ኒውዮርክ ሄዳ አንድ የመጻሕፍት አሳታሚ ቤት ተቀጠረች። ቀኑን ሙሉ ሥራ፣ ማታ ብርድና ብቸኝነት፣ በዚያ ላይ ሕመም። ድህነትን በወሬ አይደለም ያወቀችው። ወደ ባልቲሞር ተመልሳ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆነች። በ1889 የከተማዋ የበጎ አድራጎት አደራጅ ማኅበር ረዳት ገንዘብ ያዥ ሲፈልግ አመልክታ ገባች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወይም እንደሞላ ዋና ጸሐፊ አደረጓት። በዚያ ዘመን፣ ያውም ዲግሪ ለሌላት ሴት፣ ትልቅ ነገር ነው።

ማኅበሩ ምን ይሠራ ነበር? ከተማው ውስጥ ምጽዋት የሚሰጡ ድርጅቶችና አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ማኅበሩ የተረጂዎችን መዝገብ ይይዛል፣ ፈቃደኛ ጎብኚዎችንም ወደ ድሃ ቤተሰቦች ይልካል። ጎብኚዎቹ አብዛኞቹ ደህና ኑሮ ያላቸው ወይዛዝርት ነበሩ። ልባቸው ደግ ነው፤ ግን ቤቱን አንዴ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ይሄ ሰካራም ነው፣ ያቺ ሰነፍ ናት ብለው ይወጣሉ። ሜሪ ራሷም ቤት ለቤት ትሄድ ስለነበር ይህን ታያለች። አንድ ቤተሰብ በተሳሳተ ፍርድ ሲበተን፣ ልጅ ያለ በቂ ምክንያት ከእናቱ ሲለይ ተጠያቂው ማነው? ሁሉም በቅን ልቦና ነው ያደረገው።

በ1897 ቶሮንቶ ላይ በተደረገ የበጎ አድራጎት ጉባኤ ተነስታ፣ ይህ ሥራ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል ብላ ተከራከረች። ሐሳቡ ሰሚ አላጣም። በማግስቱ ዓመት በጋ ኒውዮርክ ላይ የስድስት ሳምንት ሥልጠና ተከፈተ፤ ያ ሥልጠና አድጎ ነው ዛሬ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የሆነው። (በእኛ አገር ትምህርቱ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ነው። በደርግ ጊዜ ተዘግቶ ቆየና በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተከፈተ። መካከል ላይ የባከነውን ጊዜ እናንተው አስሉት።)

ትምህርት ቤቱስ ተከፈተ፤ ግን ምን ይማሩበት? ለእኔ የሜሪ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። መልሱን ከፕሮፌሰሮች አልጠበቀችም፤ አቧራ ከጠጡ መዝገቦች ውስጥ ፈለገችው። በ1909 ኒውዮርክ ወደሚገኘው የራስል ሴጅ ፋውንዴሽን ተዛውራ ነበርና ጊዜውም ሰውም አገኘች። ረዳቶቿ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የባለጉዳይ ፋይሎችን አነበቡ። በሦስት ከተሞች ብቻ 2,800 መዝገቦች ታይተዋል። ሠራተኛው መጀመሪያ ማንን አነጋገረ? ዘመድ ጋ ሄደ? ሐኪሙን ጠየቀ? አሠሪውን? ወይስ የሰማውን ይዞ ወሰነ? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከዚያ በፊት ግን በዚህ ስፋት የቆጠረው የለም። በየበጋው ደግሞ ሠራተኞችን ሰብስባ እውነተኛ ፋይል ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋች ታወያያቸው ነበር። ዛሬ ሱፐርቪዥን ብለን ጀማሪውን ባለሙያ ቁጭ አድርገን ፋይሉን አብረነው ስናይ ያንኑ መንገድ እየሄድን ነው።

በ1915 አብርሃም ፍሌክስነር፣ የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ያንቀጠቀጠው ሰው፣ እዚያው ባልቲሞር በተደረገ ጉባኤ ላይ ሶሻል ወርክ ገና ሙያ ለመባል አይበቃም ብሎ አረፈው። ብዙዎች አኮረፉ። ሜሪ በ1917 መጽሐፏን አወጣች፤ ስሙ ሶሻል ዳያግኖሲስ፣ ማህበራዊ ምርመራ እንደማለት ነው።

መጽሐፉ ደረቅ ነው፤ አልዋሽም። ግን ውስጡ ያለው ነገር ዛሬም ይሠራል። ከሕግና ከታሪክ ሰዎች ማስረጃ የሚመዘንበትን መንገድ ተውሳለች፤ በዓይን የታየው፣ ከሰው የተሰማውና ከሁለቱ የተገመተው እኩል አይቆጠሩም። የጎረቤት ወሬን ትጠራጠራለች፤ አሁን አጠገቡ የሚኖረውን ጎረቤት መጠየቅ ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ መሆኑን ታስጠነቅቃለች። አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ አይጠፋውም! ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ስለ መጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የጻፈችው ነው። ባለጉዳዩ ሳይቸኮል ይደመጥ፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎችም ተስፋ ለመስጠት እንጂ ጥያቄ ለማብዛት አትጠቀሙባቸው ትላለች። አሁን ፎርም ለመሙላት ተሯሩጠን ባለጉዳዩ ቀና ብሎ ሲያየን እኛ ወረቀቱ ላይ ያቀረቀርን ስንቶቻችን ነን?

ይህን ሁሉ ስል ሜሪ አልተሳሳተችም ማለቴ አይደለም። በ1913 ስለ 985 ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ጥናት አሳትማለች። ያን ጊዜ የአሜሪካ ግዛቶች ልጆች ለሚያሳድጉ ችግረኛ እናቶች ከመንግሥት ካዝና ድጎማ መስጠት ጀምረው ነበር፤ እሷ ተቃወመች። የሠለጠነ ሰው ሳይከታተለው የሚሰጥ ገንዘብ የፖለቲከኞች መጫወቻ ይሆናል የሚል ስጋት ነበራት። ስጋቱ መሠረት አለው። ግን ልጆቿን ይዛ ቤት ኪራይ የጨነቃት እናት የምትፈልገው መጀመሪያ ኪራዩን ነው፤ ምርመራውማ ይደርሳል። በዚህ ታሪክም አልደገፋት፤ በ1920 ድጎማውን የተቀበሉት ግዛቶች 40 ያህል ደርሰዋል።

በ1921 ስሚዝ ኮሌጅ የክብር ማስተርስ ዲግሪ ሰጣት። ኮሌጅ ያልገባችው ሴት ማለት ነው። ይኸው ኮሌጅ ከሦስት ዓመት በፊት በጦርነት አእምሯቸው ለታወከ ወታደሮች የሚያገለግሉ ሶሻል ወርከሮችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ ክሊኒካል ሶሻል ወርክ የምንለው ዘርፍ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ቀስ በቀስ ሙያው ወደ ፍሮይድ አዘነበለ፤ የሰውየው ውስጡ እንጂ ቤቱና ደመወዙ ተረሱ። ሜሪ በ1922 በጻፈችው አነስተኛ መጽሐፍ ግን ሁለቱን አልለየችም፤ ሰውን ከኑሮው ጋር ማስማማት ሰውየውንም ኑሮውንም መንካት ይጠይቃል ባይ ናት። ከሰጠቻቸው ምሳሌዎች አንዱ የሄለን ከለር አስተማሪ፣ አን ሱሊቫን ነች።

የመጨረሻ ዓመታቷን የበላው ጉዳይ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ያለዕድሜ ጋብቻ። በዚያን ጊዜ በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉ የ12 ዓመት ልጅ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። ሜሪ ከባልደረባዋ ፍሬድ ሆል ጋር እንደለመደችው መዝገብ መቁጠር ጀመረች፤ በ1925 መጽሐፍ ወጣ። ሌላው፣ የጋብቻ ፈቃድ አሰጣጡን የሚመረምረው፣ ገና በእጃቸው ነበር። እሷ መስከረም 12 ቀን 1928 ኒውዮርክ ላይ በካንሰር ሞተች፤ 67 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ በቀጣዩ ዓመት ታተመ።