ያልታወቀ ግብር፣ ያልተነገረ ሕመም፦ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወትና የአስተዳደር ሐሳብ

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በኢትዮጵያ የምጣኔ ሀብት አስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ በይበልጥ የሚነሣው በባለኢንዱስትሪና በገበሬ አገሮች መካከል ስላለው ያልተመጣጠነ ንግድ በጻፈው ትንታኔ ነው። ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1950 ብቅ ከማለታቸው ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ መጻፉ ዘወትር ይጠቀስለታል። ዝናው የተገባ ነው፤ ነገር ግን ሰውየውን ከሐሳቡ ኋላ የሚሸሽግ ዝና ነው። ገብረ ሕይወት ስለ መንግሥትና ስለ ሀብት ከመጻፉ በፊት የቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ፣ ስደተኛ፣ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ሆኖ ኖሯል፤ በመጨረሻም የጉምሩክ ሹም ሆኗል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጉድለት ገጥሞታል። ገባሩ የሚከፍለውን ልክ አያውቅም፤ የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ አይለይም፤ የንጉሡም ሕመም ለሕዝብ አይነገርም። የአስተዳደር ሐሳቡ የተነሣው ከንባብ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ጉድለት ጭምር ነው።

የተወለደው በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አካባቢ፣ ማይ ምሻም በተባለ ስፍራ ነው። ሕፃንነቱ ክፉ ቀን ተብሎ ከሚታወሰው ረኀብ ጋር ገጠመ። ጣሊያኖች ለጦራቸው በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ዕልቂት ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲዛመት፣ በትግራይም በወሎም የእርሻ በሬ ጠፋ። ዝናቡ ሲያጥርና አንበጣው ሲወርድ የተረፈው እህል ለወታደር ቀለብ ዋለ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ዘመን ማን እንደሚራብና ማን እንደማይራብ በግልጽ አሳይቷል። በጎታ እህል የነበረው ባለርስትና በሹመቱ ድርጎ የሚቀበለው መኰንን ዘመኑን ተሻገሩት፤ በሬውን ያጣው ገበሬ ግን መሬቱን ጥሎ ተሰደደ። ገብረ ሕይወት ከብዙ ዓመታት በኋላ ድህነት የሰማይ ቁጣ ሳይሆን የአስተዳደር ውጤት ነው የሚል አቋም ሲይዝ፣ ትውልዱ ያሳለፈው መከራ ከበስተጀርባው ነበር።

በልጅነቱ ወደ ምፅዋ ወርዶ በአቅራቢያው በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያ በመርከብ ወደ አውሮፓ መሻገሩን፣ የመርከቡም አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አደራ እንደ ሰጠው የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ሁሉ ይተርካሉ። ቤተሰቡ እንደ ልጅ አሳደገው፤ ጀርመንኛን አጥርቶ ቻለ፤ በበርሊን ዩኒቨርሲቲም ሕክምና አጠና። ይህ የመጨረሻው ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሐረግ ይታለፋል። ሆኖም ጽሑፎቹን በጥሞና ያነበበ ሰው የሐኪምን አካሄድ ያገኝባቸዋል። በመጀመሪያ ምልክቱን ይመዘግባል፤ ከዚያ መንሥኤውን ይለያል፤ መድኃኒቱን የሚያዝዘው በመጨረሻ ነው። ስለ መኳንንቱ ክፋት ከማማረር ይልቅ ክፋቱ የሚመቸውን ሥርዓት መመርመር ይቀናዋል።

ወደ አገሩ ተመልሶ የዐፄ ምኒልክ የግል ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ። ጊዜው ለማንኛውም ወጣት ምሁር አስቸጋሪ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ደጋግሞ በመታቸው የአንጎል ደም መፍሰስ እየደከሙ ሄዱ፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ አካላቸው ሰለለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሹመው ስለ ነበር መንግሥቱ በስም ደረጃ ሹማምንት አሉት፤ በተግባር ግን ማኅተሙም ግምጃ ቤቱም ፍርዱም በአንድ ሰው አልጋ ዙሪያ ተንጠልጥለው ቀሩ። ወደ መኝታ ቤቱ መግባት የሚችል ሰው ትእዛዝ ይዞ መውጣት ይችል ነበር። ትእዛዙ በእርግጥ የንጉሡ መሆኑን የሚያረጋግጥ መንገድ አልነበረም።

ስለ ሕመሙ በይፋ የሚነገር ነገር ባለመኖሩ ቦታውን ወሬ ያዘው። ጠበል ይሻላል የሚል ነበረ፤ የውጭ ሐኪም ይሻላል የሚል ነበረ፤ ድግምት ነው የሚልም አልጠፋም። ከሁሉ የከፋው ግን የመርዝ ወሬ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ጥያቄ ከጀርመን የመጡት አማካሪ ዶክተር ሲንትግራፍና አብረዋቸው የነበሩት ሐኪም ሽታይንኩለር፣ ምኒልክ በመርዝ እየተጎዱ ነው የሚል ክስ አነሡ። ክሱ አልተረጋገጠም፤ የንጉሠ ነገሥቱ የሕመም ሂደትም የአንጎል ደም መፍሰስን እንጂ መርዝን አያመለክትም። ያም ሆኖ ወሬው ጣቱን ወደ እቴጌ ጣይቱ አቅጣጫ ቀሰረ፤ ከእርሳቸው ጋር የሥልጣን ፉክክር ለገጠሙት የሸዋ መኳንንትም ምቹ መሣሪያ ሆነ። መጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ። በእርግጥ ለውድቀታቸው ከወሬው ይልቅ ሹም ሽራቸውና የወገን ፖለቲካው ይበልጥ ያስረዳሉ።

ገብረ ሕይወት በዚህ ማዕበል መካከል ነበር። ጀርመንኛ የሚችልና ሕክምና የተማረ አስተርጓሚ ከጀርመኖቹ ጋር ሲቀራረብ የቤተ መንግሥቱን ጥርጣሬ ማትረፉ የሚጠበቅ ነው፤ የእቴጌይቱን ቅሬታ ያተረፈውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ እንደ ሆነ ይጠቀሳል። በዚህ ምክንያት ወደ ሱዳን ተሰደደ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው እንደ ሕመማቸው ሁሉ ሳይታወጅ ቀረ፤ ለዓመታትም በሕይወት አሉ የሚል ሰው ነበር። ማንም ሰው በስማቸው መማልና ማዘዝ የሚችልበት ዘመን ስለ ነበር፣ ዝምታው የሚጠቅማቸው ሰዎች አልጠፉም።

አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፉ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ውስጥ ብርሃን ይሁን በተሰኘው መድበል ታትሞ ወጣ። ንጉሡ ገና በሕይወት ሳሉ፣ አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱም በሥልጣን ደጃፍ ላይ ቆመው ሳለ የወጣ በመሆኑ ከታሪክነቱ ይልቅ ለአዲሱ ገዥ የቀረበ ማሳሰቢያ ነው። በውስጡ ከዘረዘራቸው የማሻሻያ ሐሳቦች መካከል የመጀመሪያው ረድፍ ሊሰጠው የሚገባው የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥት ሀብት ይለይ የሚለው ነው። ሌሎቹ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫሉ። ግብሩ አስቀድሞ የተወሰነና የታወቀ፣ በገንዘብም የሚከፈል ይሁን ይላል። አንድ ወጥ ሕግ፣ አንድ ዓይነት ገንዘብና የሠለጠነ መደበኛ ጦር እንዲኖር፣ የውስጥ ኬላዎች እንዲቀሩና የሃይማኖት ነፃነት እንዲከበር ይጠይቃል።

እነዚህ ሐሳቦች ዛሬ የተለመዱ ስለ ሆኑ ክብደታቸው አይታይም። ክብደታቸውን ለመረዳት ከጎጃም ገበያ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገርን፣ በወግዲና በቦረና ደጋ አድርጎ ወደ ደሴ የሚያቀናን የዚያን ዘመን ነጋዴ ማሰብ ይበቃል። የአንዱ ገዥ ግዛት አልቆ የሌላው ሲጀምር ቀረጥ ይጠበቅበታል፤ ልኩ በጭነቱ ብቻ ሳይሆን በኬላ ጠባቂው ፈቃድም ይወሰናል፤ ይግባኝ የሚልበት ጽሕፈት ቤትም የለም። ገባሩ ደግሞ ከአሥራቱ በላይ ለመተላለፊያ ወታደርና ለሹም ድርጎ ያቀርባል። አሥራት ራሱ በ1885 ዓ.ም. የተደነገገው ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተሠራ መቀለቡ እንዲቀር ነበር፤ አሥራቱ ጸና፣ ወታደሩም ከገበሬው ቤት ፈጽሞ አልወጣም። የሃይማኖት ነፃነት ጥያቄም ቢሆን በወሎ ከወረቀት በላይ የሆነ ትርጉም ነበረው፤ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በአዋጅ መገደዱን ያየው ትውልድ ገና አላለፈም ነበር።

ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ሲይዙ ገብረ ሕይወት ከስደት ተመለሰ። መጀመሪያ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬ ዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነ፤ የነጋድራስነቱ ማዕረግም ከዚህ ሹመት ጋር የተያያዘ ነው። የነጋድራስ ሥልጣን በዚያ ዘመን ቀረጥ መሰብሰብን፣ ገበያ መቆጣጠርንና የነጋዴን ክርክር መዳኘትን አንድ ላይ ያዘለ ነበር። ሰብሳቢውም ዳኛውም አንድ ሰው ሲሆን በደል የደረሰበት ነጋዴ ወዴት ይጮኻል? ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አልነበረም። በአሜሪካ እስከ 1874 እ.ኤ.አ. ድረስ የኒው ዮርክ ወደብ የጉምሩክ ሹማምንት ከሚጥሉት ቅጣትና ከሚወርሱት ዕቃ ድርሻ ይወስዱ ነበር፤ ሠራተኞቹም በፓርቲ ታማኝነት ይቀጠሩ ነበር። የዚያው ጉምሩክ ሹም የነበረው ቼስተር አርተር በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1883 የመንግሥት ሠራተኛ በችሎታ እንዲቀጠር የሚያዘውን ሕግ ፈረመ። ገብረ ሕይወት የደረሰበት መደምደሚያ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሹም ከሚሰበስበው ላይ እየቆረሰ እስከ ኖረ ድረስ ታማኝነቱን ከጠባዩ ብቻ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ድሬ ዳዋ ሌላም ነገር አሳየችው። የሐዲዱ ባለቤት የፈረንሳይ ኩባንያ፣ መውጫው የፈረንሳይ ወደብ ነው። በባቡሩ ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና ጠመንጃ ይገባል። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተሰኘው ዋና መጽሐፉ ይህን ልውውጥ በዕቃ ዋጋ ሳይሆን በድካም ይመዝነዋል። ዕውቀትና መኪና ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሠራውን ጨርቅ፣ ዕውቀት ያላገኘው ገበሬ ብዙ ወራት በደከመበት ምርት ይለውጠዋል፤ ንግዱ በሰፋ ቁጥርም የድካሙ ልዩነት ወደ ውጭ ይፈስሳል። ንግድ ሲስፋፋ አገር ይበለጽጋል የሚለው የዘመኑ እምነት በጉምሩክ መዝገብ ፊት የቆመለት አልመሰለውም። መፍትሔውን በትምህርት፣ በአገር ውስጥ ኢንዱስትሪና እንደ ጃፓን ባለ የነቃ መንግሥት ላይ አኖረ።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ትችት አለ። ገብረ ሕይወት የሚተማመነው በተማረ ገዥና በጥቂት አዋቂዎች ነው፤ ሕዝቡ በመጽሐፉ ውስጥ የሚታየው እንደሚመራ እንጂ እንደሚጠይቅ ወገን አይደለም። ግብሩ የታወቀ ይሁን ሲል ያወቀው ገባር አልከፍልም ቢል ምን እንደሚሆን አላሰበበትም። ይህ ድክመት ከቤተ መንግሥት ልምዱ የመጣ ይመስላል፤ ለውጥ ከላይ ሲከለከል እንጂ ከታች ሲጠየቅ አላየም።

ኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። በአዲስ አበባ ብቻ ብዙ ሺሕ ሰው ሞተ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪም ታመው ተረፉ። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የጤና አስተዳደር የሚባል ተቋም ስላልነበረ ሰው ስለ በሽታው የሚሰማው ከጎረቤቱ ነበር። ሆስፒታልና የጤና ቢሮ መኖሩ ብቻ ደግሞ ዋስትና አልሆነም። በዚያው መስከረም በፊላደልፊያ ከተማ የጤና ሹማምንት ሥጋት የለም ብለው የጦርነት ብድር ሰልፍ እንዲካሄድ ፈቅደው፣ ወደ 200,000 የሚገመት ሕዝብ አደባባይ ከወጣ በኋላ በቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቹ ሞሉ። በመስከረም 1912 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ዊልሰን የአንጎል ደም ዝውውር እክል ገጥሟቸው ሲወድቁ፣ ባለቤታቸውና ሐኪማቸው የሕመሙን ክብደት ለወራት ደብቀው ያዙ። የምኒልክ መኝታ ቤት ታሪክ በዋይት ሐውስ ተደገመ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ አሜሪካውያን ምክር ቤትና ጋዜጣ ስላላቸው ጥያቄው ቶሎ መነሣቱ ነው።

ገብረ ሕይወት ይህን የመጨረሻውን አላየም። በ1911 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በ33 ዓመቱ ዐረፈ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በጳውሎስ መናመኖ አማካይነት አዲስ አበባ ላይ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሊጎበኙ ወጡ፤ የባሪያ ንግድንና ባርነትን የሚመለከት አዋጅም ታወጀ። የተከበረ ደራሲ ሆነ፤ ምክሩ ግን በቁርጥራጭ ነው የተወሰደው። ደመወዝተኛ ሹም፣ የመንግሥት ባንክና የአገር ገንዘብ ቀስ በቀስ መጡ። ገባሩ ግን አዝመራው በደረሰ ቁጥር ገማች እየመጣ ምርቱን በዓይኑ ለክቶ አሥራቱን ሲወስንበት ኖረ፤ አሥራት በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የተሻረው በ1960 ዓ.ም. ነው፣ ገብረ ሕይወት የታወቀ ግብር እንዲኖር ከጠየቀ ከ56 ዓመት በኋላ። አዲሱ ግብር በታወጀ ጊዜም ከዓባይ ማዶ የጎጃም ገበሬ አልገብርም ብሎ ተነሣ።