የባላገሩን አነጋገር ከመጽሐፍ ያገባው ኢቫር ኦሰን

ኖርዌይ በሰሜን ኤውሮፓ ዳርቻ የምትገኝ፥ ተራራ የበዛባት አገር ናት። ከባሕሩ ዳር ገደሉ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ባሕሩም በረዥሙ እየቀጠነ በተራሮቹ መካከል ይገባል፤ ይህንም የባሕር ሰርጥ የአገሩ ሰዎች ፊዮርድ ይሉታል። በቀድሞው ዘመን መንገዱ ጥቂት፥ በረዶውም ብዙ ስለ ነበረ፥ የአንዱ ሸለቆ ሰው ከተራራው ማዶ ካለው ጎረቤቱ ጋር የሚገናኘው አልፎ አልፎ ነበር። ስለዚህ የየሸለቆው አነጋገር ለየብቻው አደገ። እኔ የምትለዋን ትንሽ ቃል እንኳ ብንመለከት፥ የምዕራቡ ሰው ኤግ ሲል፥ የሮምስዳል ሰው ኢ ይላል፤ በምሥራቅም ዬ የሚሉ አሉ።

ይህ ሁሉ አነጋገር ግን በአፍ ብቻ የሚኖር ነበር። ኖርዌይ ከ1380 እስከ 1814 ድረስ ከዴንማርክ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ስለ ኖረች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፥ የጥንቱ የኖርዌይ ጽሕፈት ጠፍቶ የዴንማርክ ቋንቋ በቦታው ተተክቶ ነበር። ሕጉ የሚጻፈው፥ ዳኛው የሚፈርደው፥ ቄሱ የሚሰብከው፥ ሕፃኑም ፊደል የሚቆጥረው በዴንማርክኛ ነበር። ባላገሩ በፍርድ ሸንጎ ፊት ሲቆም የራሱ ጉዳይ በሌላ ቋንቋ ሲጻፍ ይሰማል፤ ልጁም ከእናቱ አፍ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ከመጽሐፍ ያነባል። በቤቱ እንደሚናገረው በከተማ የተናገረ ሰው ደግሞ መሳቂያ ይሆናል። የተማሩት ሰዎች የገጠሩን አነጋገር ሥርዓት የሌለው፥ የተበላሸ ዴንማርክኛ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ይህ አስተያየት ስሕተት መሆኑን በሥራ ያስረዳው አንድ የድኻ ገበሬ ልጅ ነው።

ኢቫር ኦሰን በነሐሴ 5 ቀን 1813 በምዕራብ ኖርዌይ፥ በሱንሞሬ አውራጃ፥ ኤርስታ በሚባል ቀበሌ ተወለደ። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተችበት፤ አባቱም በ1826 ሞተ። በእርሻ ሥራ እየደከመ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ሲያነብ አደገ። ዕድሜው 18 ዓመት ሲሆን መምህሩ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ በሚያስተምርበት በዚያን ዘመን ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ቀጥሎም በአንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ዘንድ ላቲን ተማረ። ከ1835 እስከ 1842 ድረስ ሶልኖር በተባለ ቦታ በአንድ መኰንን ቤት የልጆች አስተማሪ ሆኖ ተቀመጠ። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ውስጥ ከማስተማር በሚተርፈው ጊዜ የውጭ አገር ቋንቋዎችን ብቻውን አጠና፤ ከ500 የሚበልጡ የአገሩን ዕፀዋት ሰብስቦ አድርቆ በየስማቸው አሰናዳ።

ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ቀረ፤ ከገበሬው ወገንም መለየት አልፈለገም። ገና በ1836፥ የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ስለ አገሩ ጽሕፈት አንድ አሳብ በወረቀት አስፍሮ ነበር። አሳቡም ኖርዌይ ነፃ ሕገ መንግሥት ካገኘች በኋላ የራስዋ የጽሕፈት ቋንቋ ሊኖራት ይገባል፤ ይህም ቋንቋ ከአንድ አውራጃ ብቻ ተወስዶ በሌሎቹ ላይ የሚጫን ሳይሆን፥ የሁሉም አነጋገር ተመርምሮና ተመዛዝኖ የሚገኝ ይሁን የሚል ነው። ጽሑፉ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ የሠራው ግን ይህንኑ ነበር።

በ1841 የዕፀዋቱን ስብስብና የሱንሞሬን አነጋገር ሰዋስው ይዞ ወደ በርገን ከተማ ሄደና ጳጳሱን ያዕቆብ ኖይማንን አገኘ። ጳጳሱ የዚህ ዓይን አፋር ወጣት ሥራ ስላስደነቃቸው ከሰዋስዉ ቀንሰው በጋዜጣ አሳተሙት። ይህንም የትሮንድሄም ከተማ የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ሹም አነበቡት። ማኅበሩም ኦሰን አገሩን እየዞረ የሕዝቡን አነጋገር እንዲመረምር የገንዘብ ርዳታ ሰጠው።

ጉዞው በ1842 ተጀመረ። ሶግንን፥ ቮስንና ሃርዳንገርን አልፎ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ሴተስዳልንና ቴሌማርክን፥ ሃሊንግዳልንና ቫልድሬስን አየ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ወጥቶ እስከ ሄልገላንድ ደረሰ። በየደረሰበት ከባላገሩ ዘንድ እየተቀመጠ የሥራ ዕቃውን፥ የከብቱንና የሣሩን፥ የአየሩንና የበረዶውን ስም ጻፈ፤ ግሡ እንዴት እንደሚረባ፥ ስሙ እንዴት እንደሚበዛ አስተዋለ። ብዙ የማይናገር ሰው ስለ ነበር፥ ዝምታው ለማዳመጥ ረዳው።

እየሰበሰበ በሄደ መጠን አንድ ነገር ተገለጠለት። እርስ በርሳቸው የተራራቁ የሚመስሉት አነጋገሮች ከአንድ ሥር የወጡ ቅርንጫፎች ነበሩ። የተበላሸ የተባለው የገጠር ቃል፥ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በተጻፈው በጥንቱ የኖርዌይ ቋንቋ ውስጥ ይገኛል። ከተሜው የረሳውን ባላገሩ በሸለቆው ውስጥ ጠብቆታል ማለት ነው። በ1848 የሕዝቡን ቋንቋ ሰዋስው፥ በ1850 ደግሞ 25 ሺህ ያህል ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በዘመኑ ታላቅ የታሪክ ሊቅ የነበረው ሙንክ ሥራውን አመሰገነ፤ መንግሥትም ከ1851 ጀምሮ መተዳደሪያ ገንዘብ ይሰጠው ጀመር።

ነገር ግን ከመሰብሰብ የሚከብድ ሥራ ቀርቶ ነበር፤ ይኸውም መምረጥ ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ ለአንድ ነገር የራሱ አጠራር ካለው፥ የትኛው ይጻፍ? ኦሰን የትውልድ አገሩን አነጋገር አላስቀደመም። የሁሉንም አጠራር ጎን ለጎን አቁሞ፥ ለጥንቱ ቋንቋ የሚቀርበውንና ሌሎቹ የሚተረጐሙበትን መረጠ። ለምሳሌ ቤቱ የሚለውን ቃል ሁሴት ብሎ ጻፈ፤ በብዙው ቀበሌ ግን መጨረሻው ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ጽሕፈቱ ለሁሉም ቅርብ ሲሆን፥ የማንም አፍ ቃል በቃል አልነበረም። በዚህ ምክንያት ነቀፋ መጣበት፤ ከተሜዎቹ ሻካራ የገጠር ቋንቋ ነው ሲሉ፥ ሌሎች ደግሞ ማንም የማይናገረው ሰው ሠራሽ ነው አሉ። በዚያው ዘመን የነበረው መምህር ክኑድ ክኑድሰን ሌላ መንገድ አሳየ፤ እርሱም ዴንማርክኛውን ሳይተዉ፥ የተማረው ከተሜ እንደሚናገረው ጥቂት በጥቂት ወደ ኖርዌይኛ መመለስ ነው። ከሁለቱ መንገዶች ሁለት ጽሕፈት ተወለደ።

ኦሰን ክርክሩን በክርክር አልመለሰም። ቋንቋው መኖሩን ለማሳየት በ1855 ተውኔት፥ በ1856 የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስብ፥ በ1863 የግጥም መጽሐፍ አወጣ። ወዳጁ ቪንየ በ1858 በዚሁ ቋንቋ ጋዜጣ አቋቋመ። በ1864 የተሻሻለው ሰዋስው፥ በ1873 ደግሞ 40 ሺህ ያህል ቃላት ያሉት ትልቁ መዝገበ ቃላት ወጣ። የሚያስገርመው፥ ሊቃውንቱ እንዲያነቡለት ሲል የእነዚህን ሁለት መጻሕፍት ማብራሪያ የጻፈው በዴንማርክኛ ነበር።

ሚስት አላገባም፤ ከ1847 ጀምሮ በዋናው ከተማ በክሪስቲያንያ በኪራይ ክፍል እየኖረ፥ ልብሱም ኑሮውም የገበሬ እንደ ሆነ ቀረ። ሆኖም የሥራውን ፍሬ ለማየት በቃ። ምክር ቤቱ በ1878 ሕፃናት በተቻለ መጠን በገዛ አነጋገራቸው እንዲማሩ ወሰነ፤ በግንቦት 12 ቀን 1885 ደግሞ የኦሰንን ጽሕፈት ከነባሩ ጋር እኩል አደረገው። ኦሰን በመስከረም 23 ቀን 1896 በ83 ዓመቱ በዚያው ከተማ ሞተ። ጽሕፈቱ በ1929 ኒኖርስክ፥ ማለት አዲስ ኖርዌይኛ ተባለ፤ ሌላውም ቡክሞል ተብሎ ተሰየመ።

ይሁን እንጂ ድሉ ሙሉ አልሆነም። ዛሬ ኒኖርስክን የሚጽፈው ከሕዝቡ ከአሥር አንድ ያህል ነው፤ የሚበዛው የሚጽፈው ቡክሞልን ነው። ነገር ግን በኖርዌይ አንድ ዜጋ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በኒኖርስክ ሲጽፍ፥ ጸሓፊው በኒኖርስክ እንዲመልስለት ሕግ ያስገድደዋል። በምክር ቤትም ሆነ በራዲዮ ሰው የትውልድ ሸለቆውን አነጋገር ይዞ ቢናገር የሚያፍርበት አይደለም። ይህን ያገኙት ኒኖርስክን የሚጽፉት ብቻ ሳይሆኑ ሁሉም ናቸው።

ተማሪም ሆነ አዲስ ተሿሚ ወደ ሩቅ ቀበሌ በሄደ ጊዜ ከመጽሐፍ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፤ አንዱ መሳቅ፥ ሁለተኛው ቃሉን ጠይቆ መጻፍ ነው። ኢቫር ኦሰን ሁለተኛውን መረጠ።