ኤድ ሊንክ፦ ከኦርጋን ወናፍ እስከ ቂሳርያ ባሕር

በሰጉላም ሆነ በሌላው የፔታህ ቲክቫ ሰፈር የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ አዛውንቶች ይሄን ነገር ሳያዩት አልቀሩም። ልጁ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ መሪ ጨብጦ የጦር ጄት ያበራል። ድንገት ጡሩምባ ይጮሃል፣ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ልጁ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ ያደርግና የሞተሩን ኃይል ይጨምራል፤ ጩኸቱም ይቆማል። ከውጭ ለሚያየው ጨዋታ ነው። እውነተኞቹ አብራሪዎች ግን ሲሙሌተር በሚባለው የበረራ ማስመሰያ ውስጥ ብዙ ሰዓት ሳይቀመጡ የጦር ጄት አይሰጣቸውም። የዚህ ማስመሰያ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ምድር ቤት ነው። የሠራው ሰው ኤድዊን ሊንክ ይባላል፤ የሚያውቁት ሁሉ ኤድ ይሉት ነበር።

ሊንክ ጁላይ 26 ቀን 1904 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ሀንቲንግተን በምትባል ከተማ ተወለደ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስድስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ቢንግሃምተን ሄደ። አባቱ እዚያ የከሰረ የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ ገዝቶ በስሙ አቋቋመው፤ በየሲኒማ ቤቱ የሚነፋውን ትልቁን ኦርጋንና በራሱ የሚጫወተውን ፒያኖ ይሠሩ ነበር። ልጁ በትምህርት ብዙም አልገፋም። እጁ ግን የማይፈታው፣ ፈትቶም የማይገጥመው ነገር አልነበረም።

በ1920፣ ገና 16 ዓመቱ ሳለ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያ የበረራ ትምህርቱን ወሰደ። ትምህርት ቤቱ የሲድኒ ቻፕሊን፣ ማለትም የፊልሙ ቀልደኛ የቻርሊ ቻፕሊን ወንድም ነበር። ለአንድ ሰዓት 50 ዶላር ከፈለ፤ ያን ጊዜ 50 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። አስተማሪው ግን ሰማይ ላይ እየተገለበጠና እየተሽከረከረ፣ በየቤቱ ጣሪያ ላይ እየዘቀዘቀ ሰዓቱን ጨረሰ። ልጁ መሪውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነካ ወረደ። ገንዘቡ የቆጨው ይመስላል፤ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ሐሳብ ከዚያ ቀን የተነሳ ነውና። ድሃ ልጅ ብዙ ሳይከፍል፣ ሳይሞትም፣ መሬት ላይ ሆኖ መብረር የሚለምድበት ነገር ለምን አይኖርም የሚል ሐሳብ ነው።

ቀን የአባቱን ኦርጋን ይጠግናል፣ ባገኘው ጊዜ ሁሉ ይበራል። በ1927 አካባቢ ግን ፋብሪካው ምድር ቤት ገብቶ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሠራ። የተጠቀመበት ዕቃ ሌላ ሳይሆን የኦርጋን ዕቃ ነው፦ የአየር መሳቢያ፣ ቧንቧ፣ የአየር መክፈቻና መዝጊያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወናፍ። ወናፍ ምን እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም። በወለቃና በሌላው የጎንደር መንደር አባቶቻችን ብረት ሲቀጠቅጡ እሳቱን ያራገቡበት ያው የቆዳ ወናፍ ነው። ሊንክ ግን ወናፉን እሳት አላራገበበትም። ክንፉ አጭር የሆነች ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ሠርቶ ከወናፎች በላይ አስቀመጣት። ተማሪው መሪውን ወደ ግራ ሲገፋ አየር ከአንዱ ወናፍ ይወጣል፣ ወደ ሌላው ይገባል፤ አውሮፕላኗም ወደ ግራ ታዘነብላለች። ወደ ኋላ ሲስብ አፍንጫዋ ቀና ይላል። በ1929 ሥራው አለቀ፤ የፈጠራ መብቱን ወረቀት በ1931 አገኘ።

ግን ማን ይግዛው? ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። አብዛኞቹን መጀመሪያ የገዙት መዝናኛ ቦታዎች ናቸው፤ ሕፃናት ሳንቲም እየከፈሉ እንዲጋልቡበት። ለአቪዬሽን ሰዎች ነገሩ ቁም ነገር አልመሰላቸውም። ሊንክ በዚያው በ1931 ማሪዮን ክሌይተን የምትባል ጋዜጠኛ አገባ፤ እሷም የሥራውን መዝገብና ደብዳቤ ይዛ፣ በኋላም መጽሐፍ እየጻፈች አብራው ኖረች።

ሁሉን የለወጠው የ1934 ክረምት ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፖስታ በአውሮፕላን የሚያመላልሱትን የግል ኩባንያዎች ውል አፈረሱና ሥራውን ለጦሩ አየር ክፍል ሰጡት። የጦሩ አብራሪዎች በጠራ ሰማይ ጎበዞች ነበሩ፤ በበረዶ፣ በጉምና በሌሊት መብረር ግን አልተማሩም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአሥር በላይ አብራሪዎች ሞቱ። ጉም ውስጥ የገባ ሰው ትልቁ ጠላቱ የራሱ አካል ነው። ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ይዋሻል፤ አውሮፕላኑ እየተጠመዘዘ ሲወርድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ የሰውነትን ስሜት ትቶ ሰዓቶቹን ማመን፦ የፍጥነቱን፣ የከፍታውን፣ የአቅጣጫውን። ይሄ ደግሞ በአንድ ቀን ምክር የሚገባ ነገር ስላልሆነ በልምምድ ብቻ ይመጣል።

የጦሩ መኮንኖች ሊንክን ኒው ዋርክ አየር ማረፊያ ቀጠሩት። በዚያን ቀን ጉሙ ከመሬት አልተነሳም፤ መኮንኖቹም ዛሬ ሰው አይመጣም ብለው ሊሄዱ ነበር። ሰውየው ከቢንግሃምተን ተነስቶ፣ ሰዓቶቹን ብቻ እያየ፣ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ አረፈ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቀርባል? ጦሩ እያንዳንዱን በ3,500 ዶላር ስድስት ማሠልጠኛ አዘዘ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ማሠልጠኛዎች ተሠሩ፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ አብራሪዎች ሠለጠኑበት። ቀለሙ ሰማያዊ ስለነበር ሰማያዊው ሣጥን ይሉት ነበር። ተማሪው ይገባና ክዳኑ ይዘጋበታል፤ ውጭውን አያይም። አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በሬዲዮ ያናግረዋል፣ የሄደበትንም መንገድ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ መሣሪያ ካርታ ላይ በቀለም ትጽፋለች። ተማሪው ስህተቱን ሊክድ አይችልም።

ከሚለማመደው ሁሉ ዋናው ፍጥነት ነው። መኪና ቢዘገይ ይዘገያል እንጂ አይወድቅም። አውሮፕላን ግን በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው የሚይዘው፤ ፍጥነቱ ከወረደ ወይም አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ካለ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። አብራሪዎች ስቶል ይሉታል። ከዚያ በፊት አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ የሊንክ ማሠልጠኛም ይሄን መንቀጥቀጥና ከዚያ የሚከተለውን መሽከርከር እንዲያስመስል ተደርጎ ነበር። ፍጥነት ሲበዛም ሌላ አደጋ አለ፤ ለምሳሌ ጎማ ወርዶ ሳለ ፍጥነት ከልክ ካለፈ ሊሰበር ይችላል። ዛሬ በጦር ጄት ውስጥ ይሄን ሁሉ የሚያስጠነቅቅ ጡሩምባ፣ መብራትና የሰው ድምፅ አለ። ችግሩ ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲጮህ አብራሪው የትኛውን ያምናል?

ይሄ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ሰው ሩቅ አይደለም። ማርች 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ገና ከመሬት እንደለቀቀ በግራ በኩል ያለው የአየር አንግል መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ። የዋናው አብራሪ መሪ ለስቶል እንደቀረበ ሆኖ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የግራውና የቀኙ የፍጥነት ሰዓት የተለያየ ቁጥር አሳዩ። ኮምፒውተሩ የተሳሳተውን ቁጥር አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። ፍጥነቱ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ የሌላው ማስጠንቀቂያ ድምፅ ተጨመረ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው አለቀ፤ ሁለቱ እስራኤላውያን ነበሩ። አምራቹ ከዚያ በፊት የድሮውን 737 የሚያውቅ አብራሪ ለማክስ ሲሙሌተር ውስጥ መግባት አያስፈልገውም ብሎ ነበር። በኖቬምበር 2020 አውሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ የአሜሪካ ባለሥልጣን የሲሙሌተር ሥልጠናን ግዴታ አደረገው። ሊንክ በ1934 ያስረዳውን ነገር ከ86 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ መጻፍ ግድ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ከጦርነቱ በኋላ የጄት ዘመን መጣ፤ ወናፉ ቀርቶ ኤሌክትሮኒክስ ተተካ። ሊንክ በ1954 ኩባንያውን ሸጠ። ስሙን የያዘው ድርጅት በኋላ ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ ሰዎች የተለማመዱበትን ሲሙሌተር ሠራ። እሱ ግን ልቡ ወደ ባሕር ሄዶ ነበር። ለባሕር ውስጥ ጥንታዊ ዕቃ ፍለጋ ብቻ የታሰበች መርከብ አሠራ፣ ከማሪዮን ጋርም በ1960 ወደ እስራኤል መጣ።

ከሰጉላ ወደ ቂሳርያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት የባሕር ዳርቻ ነው፤ ሄሮድስ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሠራው ትልቅ ወደብ ግን ውኃ ውስጥ ሰጥሟል። የሊንክ ጠላቂዎች የወደቡን ግንብ ተከታትለው ለኩ፣ ካርታ አነሱ። ካወጡት ሁሉ ታዋቂው አንዲት ትንሽ ሜዳልያ ናት፤ በላይዋ የወደብ በር፣ ግራና ቀኙ ግንቦች፣ በግንቦቹም ላይ ሐውልቶች ይታያሉ። የጥንቱ ሰው ወደቡን እንዴት ያየው እንደነበር የሚያሳይ ነው። በኪኔሬትም ጠልቀዋል። በእስራኤል የባሕር ውስጥ ቁፋሮ ገና ጀማሪ በነበረበት ጊዜ ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሰው ባሕር ሥር ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ማድረግ የዕለት ተዕለት ሥራው ሆነ። በ1962 በፈረንሳይ ዳርቻ አንድ ቤልጂየማዊ ጠላቂ እሱ በሠራው ሲሊንደር ውስጥ በ61 ሜትር ጥልቀት ከ24 ሰዓት በላይ ቆየ። ቀጥሎ ከጓደኛው ከሴዋርድ ጆንሰን ጋር ጆንሰን ሲ ሊንክ የተባለችውን ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ሠራ።

ጁን 17 ቀን 1973 በፍሎሪዳ ዳርቻ፣ ኪ ዌስት አጠገብ፣ ያቺ መርከብ በሰመጠ የጦር መርከብ ሽቦ ተያዘች። ውስጧ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ከኋላ ክፍል ካሉት ሁለቱ አንዱ የሊንክ ልጅ ክሌይተን ነው፣ ዕድሜው 31። አባትየው ላይ፣ መርከቡ ላይ ነበር። የፊቱ ክፍል ወፍራም ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፤ የኋላው ግን አሉሚኒየም ነበርና ቀዘቀዘ። የተቃጠለውን አየር የሚያጠራው ኬሚካል ደግሞ በብርድ አይሠራም። መርከቧን ለማላቀቅ ከአንድ ቀን በላይ ፈጀ። የፊተኞቹ ሁለቱ ተረፉ፤ ክሌይተንና ጓደኛው ሞቱ።

ሊንክ ያን ጊዜ 68 ዓመቱ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስበት ቤቱን ይዘጋል። እሱ ግን ወደ ሥራ ቤቱ ገባ፤ ሰው የሌለበት፣ በገመድ የሚወርድ፣ ካሜራና መቁረጫ ያለው፣ የተያዘች ሰርጓጅን ነፃ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1981 በ77 ዓመቱ ቢንግሃምተን ውስጥ ሞተ። ማሪዮን እስከ 1995 ኖረች።

በ1986 ቻሌንጀር የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ፍሎሪዳ ሰማይ ላይ ስትፈነዳ የውስጧ ሰባት ሰዎች የሠለጠኑት የሊንክን ስም በያዘው ድርጅት ሲሙሌተር ነበር። ስብርባሪዋን ፍለጋ ወደ ባሕሩ ሥር ከወረዱት ውስጥም የጆንሰን ሲ ሊንክ ሰርጓጆች ነበሩበት።